የከተማችንን መንገድ ለምትመዝኝው ልጄ

ልጄ፣ የላሊበላን የመጪ ዓመታት መንገድና ትራንስፖርት ከሚያጠኑት ባለሙያዎች ጋር መመደብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ነባሩን መንገድ ማስፋት፣ ለከባድ መኪና ማለፊያ መንገድ ማውጣት፣ የከተማ አውቶብስ ማስጀመር፣ የእግረኛ ደረጃ መሥራት፤ ሁሉም ደጋፊ አለው፣ ገንዘቡ ግን ለሁሉም አይበቃም። የቱ ይሻላል ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዕድሜዬን በመንገድ ጥገና ያሳለፍሁ ሰው ነኝና እያንዳንዱን አማራጭ ከተመረቀ ከአሥር ክረምት በኋላ ምን ሆኖ እንደሚገኝ እያሰብሽ መዝኝው እልሻለሁ። ዝርዝሩ እነሆ።

፩. አስቀድመሽ በእግርሽ ሂጂበት

ካርታውን ከመዘርጋትሽ በፊት ቅዳሜ ማለዳ ወደ ገበያ ከሚወርደው ሰው ጋር ውረጂ፤ ከቀትር በኋላም አብረሽው ዳገቱን ውጪ። ጀሪካን ያዘለችው ልጅ፣ እህል የጫነው ባለ አህያ፣ ምርኩዝ የያዙት እናት የት ላይ ቆመው እንደሚተነፍሱ ልብ በይ። አዲስ አበባ ያን ሁሉ መኪና ይዛ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞዋ የእግር ጉዞ ነው፤ የእኛ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። «የእግረኛ ነገር ቆይቶ ይደርሳል» የሚል ሰብሳቢ ከገጠመሽ ሰነዱን ፊቱ አስቀምጪለት። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ተዳፋት ላይ በተሠራች ከተማ፣ እርከኑ የተመጠነ፣ እጅ መያዣና ማረፊያ ያለው የእግር መንገድ ለድሀው የመጀመሪያው ትራንስፖርት ነው።

ከዚያ ደግሞ የገና በዓል አለ። ምእመኑ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነው፤ ቀናት በእግሩ ተጉዞ የሚገባውም ብዙ ነው። መንገዱን በዚያ ሰሞን ብዛት ልክ ብታሰፊው ዓመቱን ሙሉ ባዶ ይውላል፤ በዘወትሩ ልክ ብቻ ብትሠሪው በበዓሉ ሰው ይረጋገጣል። ስለዚህ ለበዓሉ አስፋልት ማስፋት መፍትሔ አይመስለኝም። መኪናው ከከተማው ውጭ የሚቆምበት ሜዳ፣ መግቢያና መውጫው የተለየ የእግር መስመር፣ ውሃና መጸዳጃ ይዘጋጅለት።

፪. ውሃው የት እንደሚሄድ ሳታውቂ አትፈርሚ

በእኛ አገር መንገድን የሚገድለው ውሃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ታውቂዋለሽ። ቦዩ በደለል ሲሞላ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይወጣል፤ በስንጥቁ ሰርጎ ከሥር ያለውን ሙሌት ያላላዋል፤ ከዚያ አንድ ሲኖትራክ ጭነቱን ይዞ ሲያልፍ መሬቱ ይሰምጣል። ሰው ጉድጓዱን አይቶ ሾፌሩን ይራገማል፣ ጥፋቱ ግን የተጀመረው ሰኔ ሳይገባ ቦዩ ሳይጠረግ የቀረ ዕለት ነው።

የአማራጮቹን ዋጋ ሲያሳዩሽ ስለ ቱቦው ስፋት፣ ስለ ድጋፍ ግንቡና ስለ ጋቢዮኑ ጠይቂ። ከሁሉም በላይ ግን የቦዩን መጨረሻ ጠይቂ። ከመንገዱ የተሰበሰበው ውሃ ከአንድ ገበሬ ማሳ ራስጌ ከተለቀቀ በጥቂት ክረምት መሬቱን ቦረቦር ያደርገዋል፤ ቦረቦሩም እየሰፋ ተመልሶ መንገዱን ይበላዋል። ገበሬው መሬቱን ያጣል፣ ከተማውም መንገዱን። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በየጊዜውም የተቆጠበው ገንዘብ ከጠፋው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

አስተማሪ ከፈለግሽ ሩቅ አትሂጂ። ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያው ላይ ከዚያው አለት የተፈለፈለ የውሃ መውረጃ አለው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተቆፈሩትን ቦዮችም ዝናብ ሲጥል ቆመሽ እያቸው። እነዚያ ጠራቢዎች መስቀሉንና ቅስቱን ሲያስቡ ውሃው የሚወጣበትንም አብረው አስበዋል።

፫. ለማን ጭነት እንደሚሠራ ጠይቂ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በእኛው ጎረቤት፣ በዋድላና በደላንታ በኩል ነው። ወራት የፈጀ ሥራ ነበር። አለት ተፈልጦ፣ ገደል ተንዶ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱ ወጣ፤ በጠላትነት የመጡት እንግሊዞች ሳይቀሩ አድንቀውታል። ግን የአንድ መድፍ መንገድ ነበር። ሚያዝያ 6 መቅደላ ሲወድቅ የሚጠግነው ባለቤት አጣ፣ አገሩም በበቅሎ መሄዱን ቀጠለ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ቻይናውያን ከወልድያ ወረታ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በዚያው ደጋ አሳለፉት። ሰዉ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። በእሱ ላይ የገበሬው ገብስ፣ የታማሚው ቃሬዛ፣ የተማሪው ሣጥን፣ የነጋዴው ጨውና ስኳር አልፏል። አንድን አማራጭ አንድ ትልቅ እንግዳ፣ አንድ ሆቴል ወይም አንድ በዓል ብቻ ሲደግፈው ካየሽ የመድፉን መንገድ አስታውሺ።

፬. ከተማን በአንድ በር አታስቀሪ

ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኑሯችን በዚያ መገንጠያ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ላስታ የጦር ሜዳ በሆነችበት ጊዜ ጋሸና ስትያዝ ምን እንደሆነ አንቺም ኖረሽበታል። መድኃኒት አልገባም፣ እህል ተወደደ፣ የታመመ ሰው መውጫ አጣ። ጦርነት ባይኖር እንኳ አንድ የመሬት መንሸራተት ያንኑ ያደርጋል። በኩልመስክ አድርጎ ወደ ድልብ የሚወርደውን፣ በብልባላ በኩል ወደ ሰቆጣ የሚሄደውን መስመር የክልልና የፌዴራል ጉዳይ ነው ብለሽ ከጥናትሽ አታውጪው። የከተማ ትራንስፖርት ከተማው ዳር ላይ አያልቅም፤ ከሰቆጣ የመጣው መንገደኛ መናኸሪያ ሲወርድ የሚቀጥለውን መኪና የሚያገኝበት ሰዓት የአንቺ ሥራ ነው።

፭. መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ይነገርሽ

አዲስ አበባ በመስከረም 2008 ቀላል ባቡሯን ስታስመርቅ ሁላችንም ኮርተናል። 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ፣ 41 ባቡር። አሥር ዓመት ሳይሞላ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባቡሮች በመለዋወጫና በጥገና እጦት ቆሙ፤ ሕዝቡ ግን ሰልፉ ላይ ነው። ወደ እኛ ቀረብ ያለውን ደግሞ እይ፦ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የባቡር መስመር በ2007 ዓ.ም. ግንባታው ተጀመረ፤ ሳያልቅ በ2014ቱ ጦርነት ተጎዳ። ስንት የወሎ ወጣት በዚያ ባቡር ላይ ተስፋ ጥሎ ነበር!

ባቡር ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ሐራ ገበያ ላይ ባቡር ሲቆም ለማየት የምመኝ ሰው ነኝ። አንቺ ግን የግዢውን ዋጋ ሲነግሩሽ ከጎኑ የ20 ዓመት የጥገና ወጪ ካልተጻፈ ወረቀቱን መልሺላቸው። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ከነዳጅ ላይ ለመንገድ ጥገና የሚሰበሰብ የመንገድ ፈንድ አለን፤ ከዚያ ለከተማው በየዓመቱ ስንት እንደሚደርስና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጠግን አውቀሽ፣ ከዚያ በላይ አስፋልት አታንጥፊ። ያልተጠገነ አስፋልት ከደህና ጠጠር መንገድ የከፋ ነው።

፮. ባጃጁን አትናቂ

መድረክ ላይ ባጃጅ ሥርዓት የሌለው ነገር ተደርጎ ሲወራ ትሰሚያለሽ። ወላድን በሌሊት ሐኪም ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው፤ ቱሪስት በቀረባቸው ዓመታትም ስንቱን ቤተሰብ ያበላው እሱ ነው። መቆሚያ ስጪው፣ ታሪፉ ይለጠፍ፣ ተዳፋቱን የማይችልበት ቦታ ይለይ። ከጎኑ ደግሞ ሁለት ሦስት ቅጥቅጥ አውቶብስ ከመናኸሪያ በገበያው፣ በሐኪም ቤቱና በትምህርት ቤቶቹ በኩል በታወቀ ሰዓት ይመላለሱ። ሰዓቱ ከተከበረ ሰው ይለምደዋል፤ ሞልቶ እስኪወጣ የሚጠበቅ ከሆነ አይለምደውም።

፯. ለአለቱ ብለሽ የምትወስኝውን ለሰዉም ወስኝለት

ከባድ መኪና ከአብያተ ክርስቲያናቱ አካባቢ መራቅ አለበት፤ በዚህ አትደራደሪ። አለቱ በዝናብና በፀሐይ እያረጀ ነው፤ በቅርስነቱም እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ፊት አደራ አለብን። ግን ለቅርሱ ሲባል ከዙሪያው ተነሥተው ወደ ኩራኩር የሄዱትን ቤተሰቦች አስቢ። ኪዳን ሊያደርሱ፣ ገበያ ሊወጡ፣ ልጅ ሊያስተምሩ ወደ ነባሩ ከተማ ይመላለሳሉ። ከቤታቸው የተነሡት ለሁላችን ጥቅም ነውና የመጀመሪያው የአውቶብስ መስመር የእነሱ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል አንዳንዶች ይቆጡኛል፤ ተሳፋሪው ጥቂት ነው፣ አያዋጣም ይላሉ። ይቆጡ። ዕዳ እንዳለብን የምንቀበል ከሆነ የሚከፈለው እንዲህ ነው።

፰. በአየር ስለሚሄደው ወንበር

ላፓዝ በተባለችው የቦሊቪያ ተራራማ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሕዝብ በኬብል ይመላለሳል፤ ለእኛም ይሁን የሚል ሐሳብ አይጠፋም። እዚያ ዕለት ዕለት የሚጓጓዝ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለ። የእኛ ግን ያን ያህል አይደለም፤ መብራታችንም ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ አንቺ ታውቂያለሽ። ሐሳቡን በትሕትና አሳልፊው። የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር መግባቱ ስለተከለከለ ገበያው ወደዚያው እየሄደ ነውና፣ መናኸሪያው ሲታደስ የመሙያ ቦታና መስመር አብሮ ይታሰብበት።

፱. ሰው ስትሰበስቢ

በከተማ ፕላን አዋጁ መሠረት መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት የሚጸና ነው፤ ረቂቁም ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። ውይይቱን ሥራ ቀን ጠዋት በአዳራሽ ብታደርጊው የሚመጣው አበል ያለው ሰው ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን፤ ቅዳሜም ገበያው ዳር ካርታውን ዘርግተሽ ቁሚ። ካህናቱን፣ የባጃጅ ማኅበሩን፣ ጠላ ሻጮቹን፣ በክራንች የሚሄደውን ልጅ ለየብቻ ስሚያቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ድምፁ ከፍ ያለው ብቻ ይሰማልና። የተጣለውንም አማራጭ ለምን እንደተጣለ ጽፈሽ አስቀምጪ፤ ሹም ሲለወጥ ያው ሐሳብ እንደ አዲስ ተመልሶ ይመጣል።

ረቂቁ ሲያልቅ ላኪልኝ። የጥገናውን ሠንጠረዥና ቦዮቹ የሚወጡበትን ካርታ አብረሽ አድርጊበት፤ እኔ መጀመሪያ የማነበው እነሱን ነው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ይድረሰኝ።