ወገንና ልዩነት በፍቺ ውስጥ

አንድን ነገር ስትፈቱ በመጀመሪያ ወገኑን፣ ቀጥሎም ከወገኖቹ የሚለይበትን ጠባይ ጻፉ። «ብረት» የሚለው ስም በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጠው ራሱ ብረት አንድ፣ መዳብንና ወርቅን ጭምር የሚያጠቃልለው የወል ስም ሁለት። ስለዚህ «ፈሳሽ ብረት» የሚል ጸሐፊ አንባቢውን ወደ ማቅለጫ ምድጃ ይወስደዋል። «ፈሳሽ ብረታ ብረት» ቢል ግን ጋሊየምም ይገባበታል።

ጋሊየም በ30 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። በማለዳ በዘጌ የቡና ዛፎች ጥላ ሥር ጠጣር ነው፤ በመዳፍ ሲጨበጥ ይፈሳል። ከኢንዲየም ጋር በተገቢው መጠን ሲቀየጥ ደግሞ እስከ 16 ዲግሪ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል።

አሁን ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። በክርኑ ላይ የታሰረ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በመታጠፍ ብዛት ይበጠሳል። በላስቲክ ቱቦ የተሞላ የጋሊየም ቅይጥ ግን ከክርኑ ጋር ይሳባል፤ ሲሳብ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ለኤሌክትሪክም ማለፊያው ይጠብበታል። ይህን ለውጥ የሚለካ መሣሪያ የክንዱን እንቅስቃሴ፣ በደረት ሲታሰርም አተነፋፈሱን ያሳውቃል። አካላቸው ከላስቲክ የተሠራ ሮቦቶችም የጣታቸውን መታጠፍ በዚሁ መንገድ ሊለዩ ይችላሉ።

ባዜቃም ፈሳሽ ብረታ ብረት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ጥናት የእጅንና የእግርን የመጠን ለውጥ የለካው በላስቲክ ቱቦ በተሞላ ባዜቃ ነበር። ይሁን እንጂ ትነቱ መርዝ ነው፤ የጋሊየም ትነት ግን በክፍል ሙቀት ከቁጥር አይገባም። «ፈሳሽ ብረታ ብረት» ብሎ ያቆመ ፍቺ ያነበበ ልጅ ከተሰበረ ቴርሞሜትር የፈሰሰውን ባዜቃ እንደ ጋሊየም በመዳፉ ሊያንከባልል ይችላል።

መልመጃ፦ ባዜቃንና ጋሊየምን እያንዳንዳቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ፍቱ፤ ልዩነታቸውን በቅጽል ሳይሆን በግሥ ግለጹ።