የዋንዛ ዘር ከስንት ዛፍ ይለቀም?

ይህ ጽሑፍ በጥያና በአካባቢው የዋንዛ ችግኝ ለሚያፈሉ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው።

ዋንዛን ማስተዋወቅ አያሻም። ቢጫ ፍሬውን ልጆች ይመጥጡታል፤ አበባውን ንብ ይወደዋል፤ ከግንዱም በር፣ በርጩማ፣ ሙቀጫና ከበሮ ይሠራል። የጎዳውም ይኸው ጠቀሜታው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ እንደ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ሁሉ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነበር። ዛሬ ዋንዛን የምናየው በአብዛኛው በእርሻ መካከል፣ በጓሮ፣ በወንዝ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተበታትኖ ነው።

ከዚህ የተነሣ በዘሩም የደኸየ ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ሥፍራዎች የበቀሉ ዋንዛዎችን ዲ ኤን ኤ የተባለ የውርስ ንጥረ ነገር መርምሮ፣ ደኑ ቢመናመንም የዘር ልዩነቱ ገና ከፍተኛ መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱም በይበልጥ የሚገኘው በአንድ ሥፍራ በቆሙት ዛፎች መካከል እንጂ በሥፍራና በሥፍራ መካከል አይደለም። (ይህ ማለት ግን የቆላ ዘር ለደጋ ይሆናል ማለት አይደለም። ምርመራው ብርድና ድርቅ መቋቋምን አይለካም።)

ዋንዛ ረጅም ዕድሜ ያለው ዛፍ ነው። ዛሬ የቆሙት ሽማግሌ ዋንዛዎች የበቀሉት ደኑ ሳይሳሳ፣ ንቦች ብናኙን ከዛፍ ወደ ዛፍ፣ ወፎችና ዝንጀሮዎችም ፍሬውን ወደ ሩቅ ሥፍራ ሲያደርሱ በነበረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የቀደመው ደን ሀብት ዛሬም በእነርሱ ዘንድ ተቀምጧል። ወደ ልጆቻቸው መተላለፉን የሚወስነው ግን የእኛ አለቃቀም ነው።

በአንድ ችግኝ ጣቢያ የመደቡ ዘር ከየት እንደመጣ ስጠይቅ፣ ሁሉም መንገድ ዳር ከቆመ ከአንድ ዛፍ መሆኑ ተነገረኝ። ለለቃሚው ቅርብ ነው፤ አልፈረድሁበትም። ችግኞቹም ያማሩ ነበሩ። ጉዳቱ ያን ጊዜ አይታይም። የአንድ እናት ልጆች አድገው እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ የሚሰጡት ዘር ሊዳከም ይችላል፤ አንዱን የጣለ በሽታም ሁሉንም ሊጥል ይችላል። ይህ በሚታወቅበት ጊዜ ሽማግሌዎቹ ዛፎች ተቆርጠው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዘሩ ከ30 ከማያንሱ እናት ዛፎች ይለቀም። ጎን ለጎን የቆሙ ዛፎች የሥጋ ዘመዳሞች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በመካከላቸው 100 ሜትር ያህል ርቀት ይኑር። ከእያንዳንዱም እኩል መጠን ይወሰድ። 30 አልተገኘም ተብሎ ሥራው አይቁም፤ አሥር ከአንድ ይሻላል፤ የጎደለውን በአየር ጠባይ ከሚመሳሰል ጎረቤት ማኅበር ጋር በመለዋወጥ መሙላት ይቻላል። ፍሬው በደንብ ቢጫ ሲሆን ተለቅሞ ሥጋው በውኃ ታሽቶ ይታጠብና በጥላ ሥር ይድረቅ።

የጥያ 36 ትክል ድንጋዮች ተቆጥረው እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የየቀበሌው ሽማግሌ ዋንዛዎችም ባለቤታቸውና ቦታቸው ተጽፎ በማኅበሩ መዝገብ ይግቡ። ቆጠራው ፍሬው ከመብሰሉ በፊት ይጠናቀቅ።