ደንባራ ፈረስን በረዥም ዛብ ስለ መግራት

ለአገር ገዥዎች፥ ለባለመሬቶችና ለወረዳ ሹማምንት የተዘጋጀ ትምህርት

ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ ካለው ከኩታበር ጀምሮ እስከ መካነ ሰላም ድረስ ያለው የወሎ ደጋ፥ ብርድና ገደል የበዛበት ስለ ሆነ፥ ፈረስና በቅሎ ለሕዝቡ እግርም ትከሻም ሆነው የኖሩበት አገር ነው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ራስ ሚካኤል፥ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ፥ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው መዝመታቸው የታወቀ ነው። ዛሬ ፈረስ ለጦር ባይፈለግም ሸክም ይሸከማል፥ ሰው ያደርሳል፥ መንገድ በተስተካከለበት ስፍራም ጋሪ ይስባል። እንግዲህ ፈረስ በክፉ አያያዝ ሲበላሽ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ጋሪ እንደ ተጠመደበት ደንግጦ ወደ ገበያ ቢሮጥ ሕፃንና ሽማግሌ ይረግጣል፤ በገደል አፋፍ ላይ ቢደነብርም ነጂውን ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ነገሩ ለሹም የሚገባ ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው ደንባራ ፈረስ ሲያይ «ክፉ ነው» ብሎ በአለንጋ ይመታዋል። ነገር ግን ፈረስ በአውሬ ሲታደን የኖረ፥ በሽሽት ሕይወቱን የሚያድን ፍጥረት ነው። ዓይኖቹ በራሱ ጎንና ጎን ስለ ሆኑ በዙሪያው ያለውን አብዛኛውን ያያል፤ በቀጥታ ከጅራቱ ኋላ ያለውን ግን አያይም። ደግሞ በግራ ዓይኑ የለመደውን ነገር በቀኝ ዓይኑ ሲያየው እንደ አዲስ ሊደነግጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ፈረስ የሚመታ ሰው፥ «የፈራኸው ነገር በእውነት ያሳምማል» ብሎ ያስተምረዋል። የግሪኩ ክሴኖፎን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ፥ ሰው ተቆጥቶ ወደ ፈረስ እንዳይቀርብ መክሯል።

በረዥም ዛብ መግራት ማለት፥ ነጂው ሳይቀመጥበት በምድር ላይ ሆኖ፥ ከፈረሱ ኋላ በጎን በኩል እየተከተለ በሁለት ረዣዥም ዛቦች መምራት ነው። በኦስትርያ አገር በቪየና ከተማ ያለው የታወቀው የፈረስ ትምህርት ቤትም በዛብ ከምድር የመምራትን ጥበብ እስከ ዛሬ ይዞታል። ለጋሪ የታሰበ ፈረስ ግን ከሁሉ ይልቅ ይህን ትምህርት ይሻል፤ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅና የሚነካውን ነገር ጋሪ ሳይጠመድበት ይለምዳልና።

አስቀድሞ ፈረሱን መመርመር ይገባል። ጀርባው የቆሰለ፥ ጥርሱ ወይም ሰኮናው የታመመ እንደ ሆነ፥ ድንብሩ ከሕመም የመጣ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይታከም። ዕድሜው 4 ዓመት ሳይሞላም ጋሪ አይሳብበት። ዕቃውም እያንዳንዳቸው 8 ሜትር ያህል የሆኑ ሁለት ለስላሳ ገመዶች፥ በጎንና በጎኑ ቀለበት ያለው የሆድ ጠፍር፥ የብረት ልጓም የሌለበትም የራስ ማሰሪያ ነው። ባለቀለበቱ የአገራችን ልጓም ለአፍ ብርቱ ስለ ሆነ ለጀማሪ አይስማማም።

ሥራው በዚህ ተራ ይሁን።

1ኛ፤ በታጠረ ስፍራ ፈረሱን በአንድ ገመድ እየመሩ «ሂድ» እና «ቁም» የሚሉትን ቃላት ማስለመድ። ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። እንደ ታዘዘ ወዲያው ገመዱን ማላላት ይገባል፤ ፈረስ የሚማረው ገመዱ ሲላላ ነውና።

2ኛ፤ የተጠቀለለ ገመድ በአንገቱ፥ በጀርባው፥ በኋላ እግሮቹም ላይ ቀስ ብሎ ማሳሸት። በግራ የተደረገው ሁሉ በቀኝም ይደገም።

3ኛ፤ አንዱን ዛብ በቀለበቱ አሳልፎ በክብ ማስኬድ፤ ይህን በሁለቱም ጎን ከለመደ በኋላ ሁለተኛውን ዛብ በኋላ እግሮቹ ዙሪያ ማሳለፍ። በዚህ ጊዜ አንድ ረዳት ራሱን ይዞ ይቁም፤ ፈረሱ ሲረጋ ጥቂት በጥቂት ይራቅ።

4ኛ፤ ነጂው ርግጫ ከማይደርስበት ርቀት፥ ፈረሱም ሊያየው ከሚችልበት ጎን ሆኖ ይከተል። ዛቡን በእጁ ላይ ከቶ አይጠምጥም፤ ፈረሱ ቢሮጥ ይጎትተዋልና።

5ኛ፤ ይህ ሁሉ በጸጥታ ከተፈጸመ በኋላ ብቻ፥ ረዳቱ ቀላል ግንድ በገመድ እየጎተተ በጎኑ ይሂድ። ድምፁን ሲለምድ ፈረሱ ራሱ ይጎትተው፤ ከዚያም በኋላ ባዶ ጋሪ ይከተላል።

አንድ ትምህርት ከሩብ ሰዓት አይለፍ፤ ፈረሱ በጎ ባደረገበት ጊዜም ይቁም። ራሱን ዝቅ ቢያደርግ፥ ቢያላምጥ፥ ጆሮውንም ወደ ነጂው ቢመልስ ረግቷል። ራሱን ሽቅብ ቢሰቅል፥ ጅራቱን ቢጨብጥ፥ አፍንጫውን ቢነፋ ግን ፈርቷልና፥ ወደ ለመደው ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለስ እንጂ ወደ ፊት አይገፋ። የቀኑ ቍጥር በሰው ፈቃድ አይወሰንም፤ አንዱ ፈረስ በሳምንት የሚማረውን ሌላው በወር ይማረዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ሥራ የተገባ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሹም በወረዳው ካሉት ፈረስ ዐዋቂዎች፥ እጁ የለዘበውንና ቁጣ የሌለበትን መርጦ ይህን ሥራ ለወጣቶች እንዲያሳይ ቢያደርግ፥ በረዥም ዛብ በጸጥታ ያልሄደ ፈረስም ጋሪ ተጠምዶበት ወደ ገበያ እንዳይገባ ቢከለክል፥ የሰው ሕይወትና የባለፈረሱ ገንዘብ ይድናል።