ነይ እስቲ፣ ያቺን «ኦች» ሰርዢያት

ማመልከቻሽን ወደዚህ አዙሪልኝ፣ የኔ ዓለም። ከኋላሽ ቆሜ ማንበቤ እንደማይጥምሽ አውቃለሁ፤ ቻዪኝ። «አማርኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፣ ሰዋስው ምን ያደርግልኛል?» አልሽ አይደል? ግማሹ እውነትሽን ነው። በግማሹ ግን እንጣላለን።

መጀመሪያ እውነትሽን። ወረታ ገበያ ውለሽ ስትመጪ «ሩዝ ሸጥኩ» ትያለሽ። የትኛው ሩዝ እንደሆነ የምናውቅ ከሆነ ደግሞ «ሩዙን ሸጥኩት»። ያቺ «ን» መቼ እንደምትገባ፣ መቼ እንደምትቀር ማን አስተማረሽ? ማንም። «አምስት ኩንታሎች» ብለሽም አታውቂም። «ይመታል» የሚለውን ብታላዪው መቺ ነው፣ ብታጠብቂው ተመቺ፤ ፊደላችን ባይለየው ጆሮሽ ይለየዋል። ጀርመናዊው ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን በፈረንጆች 1698 ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው ካገራችን ሰው፣ ከአባ ጎርጎርዮስ የሰማውን ይዞ ነው፤ ያውም እሳቸው ካረፉ ከ40 ዓመት በኋላ። ሕጉ የተለቀመው ከአፋችን ነዋ! ስለዚህ ማንም ተነሥቶ «አማርኛ አትችይም» ቢልሽ ሳቂበት።

እኔ መሳቅ አቅቶኝ ተሸውጃለሁ። አዲስ አበባ በገባሁ ሰሞን አንድ ሽማግሌ «አንቱ» ብል የሥራ ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ እነሱ የለመዱት «እርስዎ» ነው። አፍሬ አነጋገሬን ሁሉ ቀየርኩ። አንድ ቀን ቤት ስደውል እናታችን ጥቂት አዳመጠችኝና «ማን ልበል?» አለች። አንቺ እንዲህ እንዳታደርጊ፣ ሆዴ። «አንቱ»ሽን ይዘሽ ሂጂ።

ወረቀት ግን ሌላ ነው። ይኸው፣ ሦስተኛው መስመር ላይ «መምህራኖች» ብለሻል። «መምህራን» ከግዕዝ ሲመጣ ብዛቱን ይዞ ነው የመጣው፤ «ኦች» ስትጨምሪበት በጋቢ ላይ ጋቢ ደረብሽለት። «ቃላቶች»ም፣ «ሕፃናቶች»ም እንዲሁ። ስናወራ ሁላችንም እንላቸዋለን፣ ምናልባት የልጅ ልጆቻችን ትክክል ነው ብለው ይጽፉት ይሆናል። ዛሬ ግን ይህን የሚያነበው ሰው አንቺን አያውቅሽም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። እኔ ድሮ ይህንኑ ጽፌ አንዷ ጸሐፊ በቀይ አስምራ መለሰችልኝ። ቀዩ መስመር እስከ ዛሬ ይታየኛል።

የባዬ ይማምን «የአማርኛ ሰዋስው» (1987 ዓ.ም.) ከሰው ተዋሺ። ከዳር እስከ ዳር አንብቢ አልልሽም፣ እኔም አላነበብኩትም። ስለ ግስ የሚለውን ብቻ ገለጥ ገለጥ አድርጊ፤ አፍሽ ሳያስብ የሚሠራውን ሁሉ ስም አውጥቶለት ስታዪ ትገረሚያለሽ።

ሰዋስው ደረቅ ነው የምትዪውን ደግሞ ተዪኝ! የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ ስታወሪ አይደል የምትውዪው? የኛው የፎገራው፣ የናበጋ ጊዮርጊሱ ሰው። አህያ የምትነዳ ሴት መንገድ ላይ አገኙና «እንደምን አደራችሁ?» አሉ ይባላል። ቀልዱ የት አለ? «አችሁ» ላይ! ሴትዮዋን ከነአህያዋ በአንዲት ምዕላድ ጠቅልለው ሰላም አሏት። «እንደምን አደርሽ» ቢሏት ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር? ቅኔ የዘለቁ ሊቅ ናቸውና የትኛዋን ፊደል ቢነኩ ምን እንደሚፈነዳ ያውቃሉ።

ብቻ አደራሽን፣ ካወቅሽ በኋላ ሰው ማረም እንዳትጀምሪ። ከሁሉ የሚያስጠላኝ እሱ ነው። አያታችን «ካህናቶቹ መጡ» ሲሉ ከሰማሽ ተነሥተሽ ወንበር አቅርቢ።

በይ፣ ያቺን «ኦች» ሰርዢያት። ቀኑንም አልጻፍሽም።