ማንጎውን ያጠቆረው የትኛው ፈንገስ ነው?

በዛሬው የሳይንስ ዓምድ ስለ ማንጎ በሽታ አቀርብላችኋለሁ።

ከጅጋ ገበያ ማንጎ የገዛ ሰው «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ እንዴት ጠቆረ?» እያለ ሻጯን ይወቅሳል። እሷ ግን ምን ታድርግ? አንትራክኖዝ የሚባለው በሽታ ፍሬው ገና እንጭጭ ሳለ በዝናብ ጠብታ ተረጭቶ ይገባና ይደበቃል። ጥቁርና ጎድጎድ ያለ ነጥብ ሆኖ የሚወጣው ማንጎው ሲበስል ነው።

አምጪው ኮሌቶትሪከም የሚባል የፈንገስ ወገን ነው። እኔን የገረመኝ ደግሞ በአገራችን በ1971 እ.ኤ.አ. የታየው የቡና ፍሬ በሽታ አምጪም የዚሁ ወገን መሆኑ ነው! ዝርያው ግን ሌላ ነው፤ ያኛው የቡናውን አረንጓዴ ፍሬ ያጠፋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፈንገሱን ከድንች ውሃና ከስኳር በተሠራ የረጋ ምግብ ላይ ያሳድጉና ስፖሮቹን በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ዝርያዎቹ በጣም ስለሚመሳሰሉ ዲ.ኤን.ኤ.ም ይመረምራሉ።

የማንጎ አበባ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ሌላ ፈንገስ ነው። ቅጠል ላይ ተለጥፎ በጥፍር ሲፋቅ የሚነሳው ነጭ ነገር ግን ፈንገስ ሳይሆን ትንሽ ነፍሳት ነው። የፈንገስ መድኃኒት ቢረጭበት አይሞትም፣ የአባባ ገንዘብ ብቻ ያልቃል።

እኛ ማይክሮስኮፕ ባይኖረንም አንድ ነገር መሞከር እንችላለን። የጠቆረውን ቁራጭ ከእርጥብ ጨርቅ ጋር በፌስታል አስራችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት። ነጥቡ ላይ ወደ ብርቱካናማ ያደላ ሮዝ ዝልግልግ ነገር ከወጣ አንትራክኖዝ ሳይሆን አይቀርም። ፌስታሉን ሳትፈቱ ከውጭ እዩት፤ ከዚያ ከማንጎ ዛፍ ርቃችሁ ቅበሩት።