«እማዬን ቼክአፕ አስደርጉልኝ» ለምትሉ

ከዳላስም ተደወለ ከሪያድ ጥያቄው አንድ ነው፤ «እማዬን አዲስ አበባ ወስደው ሙሉ ቼክአፕ ያድርጉላት፣ የት ይሻላል? ብሩ ችግር የለም።» መመለሱ ስለሰለቸኝ ይኸው ጽፌዋለሁ።

እኔም እንደናንተው አደረግሁ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ደብረ ሲና ነው የምትኖረው። ብር ላክሁ፤ ሸዋ ሮቢት የተዳረችው እህቴ የማሾ ለቀማዋን ጥላ ወጣችና ይዛት ሄደች። አንድ የግል ክሊኒክ ደሙንም፣ ሽንቱንም፣ አልትራሳውንዱንም፣ «ካንሰር የሚለይ» የተባለ የደም ምርመራም ሠራላት። ውጤቱ በፎቶ ደረሰኝ፤ አሥራ አንድ ገጽ፣ እያንዳንዱ ማኅተም አለበት። ሥራ ቦታ ሳይቀር አሳየሁ። የማኅፀን በሯን ግን ያያት ሰው የለም፣ እኔም መጠየቁን አላወቅሁበትም።

ይህም ይሁን። ዋናው ስህተት ኮሪደሩ ላይ ነበር። እህቴ 41 ዓመቷ ነው፣ አምስት ወልዳለች። ሦስት ቀን ሙሉ ፔርሙዝና ከደብረ ሲና የያዘችውን ቆሎ ታቅፋ ስትጠብቅ፣ ከባሏ ጋር ካደረች በኋላ ደም እንደሚያያት ለማንም አልተነፈሰችም። ቼክአፑ የእማዬ ነዋ! ቤተሰባችን ውስጥ ለራሷ ገንዘብ የምትጠይቅ ሴት የለችም፤ «የእማዬ መድኃኒት አልቋል» ከተባለ ብቻ ነው ውጭ ያለው ሰው ኪሱ የሚፈታው። ናሙና ሲወሰድላት ካንሰሩ ከማኅፀን በር አልፎ ነበር። ለጨረር ወረፋ ያወጣሁት ብር የእናቴን ቼክአፕ ብዙ እጥፍ ነው።

እንግዲህ ስሙ። በአገራችን ሴቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚያዙት በማኅፀን በር ካንሰር ነው። መንግሥት የሚሰጠው ቅድመ ምርመራ በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ከዚያም ቀደም ይላሉ። ሲስተሯ እንደ ኮምጣጤ ያለ ፈሳሽ ቀብታ ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ነጭ ሆኖ የሚለይ ነገር ካየችና ለሕክምናው የሚሆን ከሆነ እዚያው በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ታጠፋዋለች። ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ይፈጃል። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ግን መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ምርመራው ሊያመልጠው ይችላል። እናታችሁ ካቋረጠች በኋላ ደም ካየች የምርመራ ዘመቻ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ትሂድ። ለልጃገረዶች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ክትባት አለ።

አሁን ደግሞ ለማኅበሮቻችን። በየስብሰባው «ማሽን እንላክ» ይባላል፤ ባነርና ቲሸርቱ ከማሽኑ ቀድሞ ይታተማል። በ2014ቱ ጦርነት የአካባቢው ጤና ተቋማት ስለተዘረፉ ዕቃ አይጎድልም አልልም። ግን የጎደለውን ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይንገራችሁ እንጂ እናንተ አትገምቱ። የቅዝቃዜው ሕክምና ጋዝ ይፈልጋል፤ ሲሊንደሩ ባዶ ከሆነ ያማረው ማሽን ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል።

የይፋት ቆላ ሴት ከምርመራው የምትቀረው በባጃጅ ሒሳብ፣ ልጅ የሚይዝላት በማጣት፣ «ወንድ ነው የሚያየኝ» በሚል ስጋት ነው። ይህን የሚያውቁት የእድርና የቅሬ ሴቶች ናቸው፤ ማን ቤት ማን እንደቀረች ያውቃሉ። ከቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ጋር ቀን ይቁረጡ፣ ሲስተሯ መኖሯንና ጋዙ መሙላቱን ያረጋግጡ፣ አሥር አሥር እያደረጉ ይሂዱ። የማን ውጤት ምን ሆነ የሚለው ግን እድር ላይ አይነሳ፤ «ክፉ በሽታ» የተባለባት ሴት ሁለተኛ ጤና ጣቢያ አትረግጥም።

ከምታዋጡት ብር የሚበዛውን ደግሞ ሪፈር ለሚጻፍላቸው አስቀምጡ። ከሸዋ ሮቢት አቀበቱን ወጥቶ፣ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን መድረስ፣ ከዚያም አዲስ አበባ መሰንበት አስታማሚም ምግብም አልጋም ይጠይቃል። ለአቅመ ደካማ ታማሚ ማረፊያ የሚሰጥ ማትዮስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አለ፤ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. የመሠረቱት ነው። ከመሄዳቸው በፊት አስጠይቁ። ለእህታችሁ የምትልኩትን በራሷ ቴሌብር ላኩ፣ በወንድም በኩል አይዙር።

ስትደውሉ «ደህና ነሽ?» አትበሏት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ስልኩን ለእማዬ ትሰጣለች። ደም አይታ እንደሆነ በግልጽ ትጠየቅ። ወንድም ከሆናችሁና ካፈራችሁ ሚስታችሁ ትጠይቅላችሁ። እኔ ባለቤቴን ያስጠየቅሁት ከቼክአፑ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው።