ከእርሻችን በታች ምን አለ? የመሬት ውስጣዊ አሠራርና የደቡብ ኦሞ አፈር

ለእርሻ ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በጂንካ ዙሪያ የአሪ ገበሬ ቡናና እንሰት የሚተክልበት አፈር ቀላና ጥልቅ ነው። በሐመር ኮረብታዎች ላይ ያለው ስስና ድንጋያማ ሲሆን፣ በኦሞ ወንዝ ዳር ያለው ደግሞ ደለል ነው። ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ለመረዳት ከማረሻው ጫፍ በታች ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል።

1. የመሬት ክፍሎች

ከመሬት ገጽ እስከ መካከሏ ድረስ 6,371 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዋና ዋና ክፍሎቿም ሦስት ናቸው።

ሀ) ቅርፊት፦ የምንቆምበት ጠንካራ ዐለት ነው። በየብስ ላይ ውፍረቱ በአማካይ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ለ) ማንትል፦ ከቅርፊቱ ሥር ጀምሮ እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ይዘልቃል። ጠጣር ቢሆንም ከሙቀቱ ብዛት የተነሣ እጅግ በዝግታ ይንቀሳቀሳል።

ሐ) እምብርት፦ አብዛኛው ብረት ነው። የውጪው ክፍል ፈሳሽ፣ ከ5,150 ኪሎ ሜትር በታች ያለው ግን ጠጣር ነው።

ወደ መካከሏ የሚወስደውን መንገድ 160 እርምጃ ነው ብንል፣ ቅርፊቱ የመጀመሪያዋ አንድ እርምጃ ብቻ ናት። በሩሲያ የተቆፈረው እጅግ ጥልቅ ጉድጓድ እንኳ ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አላለፈም። የቀረውን ያወቅነው የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ በጠጣርና በፈሳሽ ውስጥ የሚያልፍበት ሁኔታ ስለሚለያይ ነው።

2. በአካባቢያችን የሚታየው

በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ቅርፊቱ እየተለጠጠ ሳስቷል። የወይጦና የጨው ባሕር ዝቅተኛ ቦታዎች የዚሁ ሸለቆ አካል ናቸው። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ የደረሰው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ እንቅስቃሴው እንዳላበቃ አሳይቷል።

በጥንት ዘመን ከማንትል የወጣው ቅልጥ ዐለት ቀዝቅዞ ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋይ ሆነ። የደጋው ቀይ አፈር የተገኘው እንዲህ ያለው ድንጋይ በብዙ ሺህ ዓመታት ዝናብና ሙቀት እየበሰበሰ ነው። የሐመር ኮረብታዎች ግን ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የቅርፊቱ ጥንታዊ ዐለት ጎልቶ የወጣባቸው ናቸው።

3. ለሥራችን የሚሰጠው ጥቅም

በደጋው፦ ጎርፍ በአንድ የዝናብ ወቅት የሚጠርገውን አፈር ዐለቱ በልጅ ልጆቻችን ዘመን እንኳ አይተካውም። ስለዚህ እርከንና የሣር መስመር ከማዳበሪያ ይቀድማሉ።

በሐመር፦ ያልተሰነጠቀ ዐለት ውሃ አይዝም። ነዋሪው በደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ውሃ የሚቆፍረው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ማኅበሩ በሌላ ቦታ የጉድጓድ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ባለሙያ ያስጠና።

በኦሞ ዳር፦ የጊቤ 3 ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ማሳውን በደለል ያድስ የነበረው ጎርፍ ቀንሷል። በመሆኑም ማሳው በፍግና በጥራጥሬ ሰብል ፈረቃ መታደስ አለበት።

የመወያያ ጥያቄ

በማሳችሁ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ተመልከቱ። ለም የሆነው የላይኛው አፈር ስንት ጣት ነው? ከሥሩ ያለውስ ምን ዓይነት ድንጋይ ነው?